ሳሉግ ማን ነው?

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ በሰው ይጥለቀለቃሉ። ማጭድ ይዞ አይሱዙ ላይ ተጠቅጥቆ የሚመጣው ሁሉ ለእንግዳ ሰው አንድ ነው፤ የቀን ሠራተኛ። የአካባቢው ሰው ግን ለይቶ ያውቀዋል። አንዱ ደገኛ ነው፣ ሌላው ሳሉግ።

ደገኛው የራሱ ማሳ አለው። ዘሩን ዘርቶ ለአረም ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ተመልሶ የቤቱን ሥራ ያያል፣ ለአጨዳ ደግሞ ብቅ ይላል። ሳሉግ ግን ኑሮው እዚያው ነው። ከአንዱ ባለሀብት እርሻ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ምንጣሮውን፣ አረሙን፣ የሰሊጥ አጨዳውን፣ ከዚያም የማሽላውን ሥራ ተራ በተራ ይይዛል። የትኛው እርሻ በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው ውኃ እንደሚያጥረው ያውቃል። በዋጋ ክርክር እሱን መሸወድ ከባድ ነው።

የክርክሩ ጉልበት የሚመጣው ከሰሊጡ ጠባይ ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ካልታጨደ ፍሬው ከፍቶ መሬት ላይ ይበተናል። የታጨደው በነዶ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ተደጋግፎ ይቆማል። ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። ሂላው ሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፣ ከዚያ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። እንግዲህ በእነዚያ ጥቂት የአጨዳ ቀናት ባለሀብቱ ለማኝ ነው፤ ዋጋም ይሰቀላል። አረም ላይ እንዲህ ያለ ጥድፊያ የለም።

ገንዘቡ በነፃ አይገኝም ታዲያ። ማደሪያው ዳስ ነው፣ አንዳንዴም ሜዳ ላይ። ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚኖረው ደግሞ በዚያው ጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ነው። ሌሊት ይነክሳል። ወባውም አለ። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ሲቀሰቀስ፣ በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ አልቀረም ተብሏል። ስለዚህ አጎበር ይዞ መውረድ ቅብጠት አይደለም። ትኩሳቱ ሰንብቶ ሆድ ማበጥና መክሳት ከመጣም «ወባ ነው» ብሎ መተኛት አያዋጣም፤ ቶሎ መመርመር ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራን ያውቀዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውልም ይፈቅድለታል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት አለበት። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው። ችግሩ የአንድ እርሻ አጨዳ ከዚያ ቀድሞ ሊያልቅ መቻሉ ነው፤ ወረቀቱ ቢጻፍ እንኳ ሳሉጉ ሌላ እርሻ ገብቷል።