በለስ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ

በለስ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ በየግቢው የሚበቅል፣ ገበያ ግን ብዙም የማይወጣ ፍሬ ነው። ስሙ አንባቢን ስለሚያሳስት አስቀድሞ መለየት ያሻል። በክረምት በየመንገዱ ዳር እሾኹ ተጠርጎ፣ በቢላዋ ተልጦ በለስ እየተባለ የሚሸጠው የቁልቋል ፍሬ ነው፤ መነሻውም አሜሪካ ስለሆነ ከእውነተኛው በለስ ጋር ዝምድና የለውም። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው አገለደሙት ተብሎ በኦሪት የተጻፈለት፣ በቁርኣንም አንድ ሱራ «አት-ቲን» ተብሎ በስሙ የተጠራለት ዛፍ ነው። ሾላና ዋርካ የዚሁ ዛፍ የሥጋ ዘመዶች ናቸውና ወገኑ ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

ፍሬ የምንለው በትክክል ሲታይ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ጉንጉን ነው፤ አበቦቹ በከረጢቱ ውስጥ ተደብቀው ስለሚኖሩ ከውጭ አይታዩም። የሰምርኔስ በለስ የሚባለው ዓይነት አንዲት ደቂቅ ተርብ በታችኛው ቀዳዳ ገብታ ካላዳቀለችው ሳይበስል ይረግፋል። ለቤት የሚመረጠው ያለ ተርብ የሚያፈራው ወገን ሲሆን፣ የሚራባውም ከቅርንጫፍ በሚቆረጥ እንጨት ነው። ይህ ወገን በሰው እጅ መባዛት የጀመረው እጅግ ጥንት ሳይሆን አይቀርም፤ በኢያሪኮ አጠገብ ከ11,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የከሰሉ በለሶች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ ፍሬዎቹ በሰው እጅ ከተተከለ ዛፍ የተገኙ ናቸው መባሉን ያልተቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ወደ አዲስ አበባ ግቢዎች እንዴት እንደ ገባ የሚነገረው ከሰው ቃል ብዙ አያልፍም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአራዳ ዙሪያ የሰፈሩት አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች በለስ ከሚበላባቸው አገሮች የመጡ ናቸውና ዛፉን ያመጡት እነርሱ ናቸው ማለት የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ግልጽ ነው፤ ዛፉ የተዛመተው በችሮታ ነው፤ ጎረቤት ሲገርዝ ጎረቤት በአጥር ላይ አንድ እንጨት ይቀበላል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ግቢዎች ሲፈርሱ የጓሮ ዛፎችም አብረው ሄደዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷም ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። በሰሜን አውሮፓ በለስ የሚተክል ሰው ዋና ጠላቱ ውርጭ ስለሆነ ብርዱ ሲመጣ ዛፉን በገለባ ይጠቀልላል። በአራዳ ችግሩ ሌላ ነው፤ ዛፉን የሚገድል ውርጭ የለም፣ ፍሬውን ፈጥኖ የሚያበስል ብርቱ ሙቀትም የለም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ደግሞ የደረሰውን ፍሬ ይሰነጥቃል፣ ያኮመጥጣል። እንግዲህ የመሐል ከተማ በለስ ጥበብ በአጭሩ ፍሬውን ክረምት ሳይገባ ማድረስ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግድግዳ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ የድንጋይ ግንብ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ውሎ ማታ ይመልሰዋል። የቆርቆሮ አጥር ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ግን ፈጥኖ ይቀዘቅዛልና ግንቡን አይተካም። የድሮዎቹ የአራዳ ግቢዎች በዚህ ረገድ የታደሉ ነበሩ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ለተከላ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም እንጨት ከሁለት ሦስተኛ በላይ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ውኃ የሚያቁር መረሬ አፈር ሥሩን ስለሚያበሰብስ ጠጠርና ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ሥሩ ሲጠብብ ዛፉ ከቅጠል ይልቅ ወደ ፍሬ ስለሚያደላ፣ ታችኛው ተበስቶ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ለኮንዶሚኒየም በረንዳም ይበቃል። ፍግ የበዛበት በለስ ግን ያማረ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዛፉ ጥሙን ቢታገሥም፣ ደርቆ ሰንብቶ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ፍሬው ይፈነዳልና በበጋ ትንሽ ትንሽ ሳያቋርጡ ማጠጣት ይሻላል።

በለስ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይም፣ በአዲሱ ቀንበጥ ላይም ያፈራል። በየካቲት የሚገርዝ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ በገዛ እጁ ይጥላል፤ ክረምቱ እንዳበቃ በጥቅምት የሚገርዝ ግን አዲሱ ቀንበጥ የበጋውን ፀሐይ በሙሉ እንዲያገኝ ያደርጋል። ሲገረዝ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ላም ወተትንም የማርጋት ኃይል አለው። በክረምት ቅጠሉን የሚያነቁጠው ዋግ ነው፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማስወገድ ይረዳል። ወፎችን ለመከላከል የሽንኩርት ከረጢት መረብ ቆርጦ ፍሬውን ማልበስ በቂ ነው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የበለስ ጫፍ ሲለሰልስ፣ ቅጠሏም ሲያቆጠቁጥ በጋ እንደ ቀረበ ታውቃላችሁ ይላል። በኢየሩሳሌም ነገሩ እንደ ቃሉ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ያን ሰሞን በጋው ሊያልቅ ተቃርቦ በለሱ የበልግ ዝናብ ይጠብቃል።

ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። አንገቱ ሲታጠፍ፣ ቆዳው ቀጭን ስንጥቅ ሲያወጣ፣ በታችኛው ዓይኑ የማር ጠብታ ሲታይ ብቻ ይቀጠፋል፤ ያን ጊዜም ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ገበያ የማይወጣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ባለቤቱም የሚበላው ከሱፐርማርኬቱ ደረቅ በለስ ጋር የማይወዳደር ነው። በጾም ለብቻው፣ በፍስክ ከአይብ ጋር ይቀርባል፤ የተረፈው ማርማላታ ይሆናል። ሰኔ የቀደመው ጥሬ ፍሬም ቢሆን አይጣልም፤ ግሪኮች እንደሚያደርጉት ውኃው እየተደፋ ደጋግሞ ከተቀቀለ ወተቱ ይወጣለታል፤ ከዚያም በስኳርና በሎሚ ቀስ ብሎ ሲበስል ሙሉውን እንደ ነበረ ብልቃጥ ይገባል።