የአገር መሪ ሲገደል ከውጭ የሚመጣው ሐዘን

የአገር መሪ በሰው እጅ ሲገደል ዓለም ለቅሶ ይደርሳል። የሐዘን መግለጫው በሰዓታት ውስጥ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ታሞ ለሞተ መሪ ከሚላከው ግን ይለያል። ግድያውን ያወግዛል፤ ሥልጣኑን ለተረከበው ሰውም እውቅና ይሰጣል። ስለዚህ ማን ላከ፣ ለማን ላከ፣ ማንስ ዝም አለ የሚለው ሁሉ ትርጉም አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብርሃም ሊንከን ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ተተኮሰባቸው፤ በማግስቱ ሞቱ። ያኔ አትላንቲክን አቋርጦ የሚሠራ የቴሌግራፍ መስመር አልነበረም። ወሬው አውሮፓ የደረሰው በመርከብ፣ ከአሥር ቀን በላይ ቆይቶ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለሟቹ ባለቤት ደብዳቤ ጻፉ። እሳቸውም ባላቸውን ልዑል አልበርትን በ1861 በሞት ተነጥቀው ነበርና፣ ያጽናኑት ሐዘኑን በሚያውቅ ሰው አንደበት ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የተራው ሰው ደብዳቤ ነው። የሠራተኞች ማኅበራት፣ የከተማ ምክር ቤቶች፣ ባርነትን የሚቃወሙ ማኅበራት ሁሉ ጻፉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እነዚህን ሰብስቦ ሲያሳትማቸው ዳጎስ ያለ ጥራዝ ወጣቸው።

ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1963 ሲገደሉ ዜናው በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ኖቬምበር 25 በተፈጸመው ቀብር ከ90 በላይ አገሮች ተወክለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ጋር ሬሳውን ተከትለው በእግራቸው ተጉዘዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ገና ባለፈው ወር የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ነበሩ። ሁለቱን ኃያላን ለኑክሌር ጦርነት አፋፍ ያደረሰው የኩባ ሚሳኤል ቀውስም ካለፈ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ያም ሆኖ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሞስኮ በሚገኘው የአሜሪካ አምባሳደር መኖሪያ ተገኝተው በሐዘን መዝገቡ ላይ ፈረሙ። ለቀብሩም ምክትላቸውን ሚኮያንን ላኩ።

አንዳንድ አገሮች ሰንደቅ ዓላማቸውን ዝቅ አድርገው ያውለበልባሉ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀን የሚያውጁም አሉ። ጁላይ 2022 የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ ሕንድ አንድ ቀን፣ ብራዚል ደግሞ ሦስት ቀን አውጀዋል።

የሐዘን ፖለቲካ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። የግብጹ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ከእስራኤል ጋር ሰላም በመፈረማቸው አብዛኞቹ የአረብ መንግሥታት አኩርፈዋቸው ነበር። በ1981 ሲገደሉም ከቀብራቸው ቀሩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ለደኅንነታቸው ተሰግቶ አልሄዱም፤ ሦስት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችን ማለትም ኒክሰንን፣ ፎርድንና ካርተርን ላኩ። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን ግን ካይሮ ተገኙ። ቀኑ ሰንበት ስለነበር መኪና አልያዙም፤ በእግራቸው ሄዱ።

ከ14 ዓመት በኋላ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በገዛ አገራቸው ሰው ተገደሉ። ለቀብሩ የግብጹ ሙባረክ ለመጀመሪያ ጊዜ እስራኤልን ረገጡ። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ደግሞ የስንብት ንግግር አደረጉ። አያታቸው ንጉሥ አብደላ በ1951 እዚያው ኢየሩሳሌም ሲገደሉ ሁሴን አጠገባቸው ነበሩ፤ ይህንንም በንግግራቸው አነሡት። የፍልስጥኤማውያኑ መሪ ያሰር አራፋት ለደኅንነት ሲባል ከቀብሩ ቀርተው፣ በኋላ ራቢን ቤት ድረስ ሄደው ባለቤታቸውን አጽናንተዋል።

መግለጫው የሚላክለት ሰው ራሱ አከራካሪ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የሄይቲው ፕሬዚዳንት ጆቬኔል ሞይዝ ጁላይ 7 ቀን 2021 ሲገደሉ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥራ ላይ የነበሩት ክሎድ ጆሴፍ ናቸው። ሟቹ ግን ገና ሊሞቱ ሲሉ አሪየል ሄንሪን በቦታው ሾመው ነበር። ሁለቱም ሥልጣኑ የእኔ ነው አሉ። የውጭ መንግሥታት አምባሳደሮች የቡድን መግለጫ አውጥተው መንግሥት እንዲያቋቁሙ የጠየቁት ሄንሪን ሆነ። በቀናት ውስጥ ጆሴፍ ቦታውን ለቀቁ፤ ሄንሪም ጁላይ 20 ሥልጣን ያዙ።