ስለ አዜላይክ አሲድ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

«አሲድ ስለሆነ ፊት ይልጣል።»

ስሙ ብዙ ሰው ያስፈራል። ነገር ግን ለብጉርና ለጥቁር ምልክት በቅባት መልክ የሚታዘዘው አዜላይክ አሲድ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፤ ቆዳችን ላይ የሚኖር አንድ የፈንገስ ዓይነትም ያመርተዋል። የሞቱ ሴሎች ተከማችተው የቆዳ ቀዳዳዎችን እንዳይደፍኑ ይረዳል፣ ብጉር የሚያባብሰውን ባክቴሪያ ያዳክማል፣ መቅላቱንና እብጠቱንም ያበርዳል። በአንቲባዮቲክ ቅባቶች ላይ የሚታየው የባክቴሪያ መላመድ እዚህ ስለማያሰጋ ለወራት መቀባት ይቻላል።

«ቆዳ ያነጣል።»

እዚህ ላይ ለንጣት ብለው የሚገዙትም፣ ንጣት ፈርተው የሚሸሹትም ተሳስተዋል። ነገሩ የተጀመረው ያው ፈንገስ ከሚያመጣው ከቋቁቻ ነው። ቋቁቻ የወጣበት ቆዳ ለምን ቦታ ቦታው ላይ እንደሚነጣ የመረመሩ የጣሊያን ሳይንቲስቶች፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዜላይክ አሲድ ታይሮሲኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም እንደሚገታ አስተዋሉ። ሜላኒን፣ ማለትም የቆዳችን ቀለም፣ ያለዚህ ኢንዛይም አይመረትም። ታዲያ ለምን ፊት ሁሉ አይነጣም? ቅባቱ በዋናነት የሚይዘው ከልክ በላይ ቀለም የሚያመርቱ ሴሎችን ስለሆነ ነው። ጤነኛውን ቆዳ ብዙም አይነካም። ለማድያትም የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ከራሱ ከብጉሩ በላይ ያስጨንቃል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ቅባት መኖሩ በእኔ እይታ ትልቅ ነገር ነው። አልፎ አልፎ ግን የተቀባው ቦታ ከዙሪያው ሊነጣ ይችላል፤ እንዲህ ካያችሁ ለሐኪም ንገሩ።

«በሁለት ሳምንት ካልሠራ አይሠራም።»

ብጉር ላይ ለውጥ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ጥቁር ምልክት ወራት ይፈልጋል። በዚህ መሃል ያለ ፀሐይ መከላከያ መውጣት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

«ካቃጠለኝ አልተስማማኝም ማለት ነው።»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለብለብና ማሳከክ የተለመደ ነው። ፊት በደንብ ከደረቀ በኋላ ስስ አድርጎ፣ መጀመሪያ በቀን አንዴ ብቻ መቀባት ይረዳል። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ያ አለርጂ ነው፤ ወዲያው አቁሙና ሕክምና ፈልጉ።

«ፐርሰንቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል።»

የግድ አይደለም። ክሬሙ 20 ፐርሰንት፣ ጄሉ 15 ፐርሰንት ነው፤ ሆኖም ጄሉ ወደ ቆዳ ጠልቆ በመግባት ይበልጣል። ፊትን ለሚያቀላው ለሮዜሺያ የሚታዘዘውም እሱ ነው።

«እርጉዝ ሴት ብጉሯን ችላ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የላትም።»

እንደ ሬቲኖይድ ያሉ የብጉር መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም። አዜላይክ አሲድ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ከሚመርጧቸው ጥቂት ቅባቶች አንዱ ነው። ሐኪሟን አማክራ ልትጠቀመው ትችላለች።

«ጠባሳም ያጠፋል።»

ጥቁር ምልክትን ያደበዝዛል እንጂ የጎደጎደ ጠባሳን አይሞላም። ከውስጥ የሚያብጥና የሚያም ትልልቅ ብጉርም ብቻውን አይችለውም። እንዲህ ያለው ብጉር ጠባሳ ጥሎ ስለሚሄድ፣ ወራት ሳትጠብቁ በጊዜ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።