ከማሳደጊያ ከወጡ በኋላ፦ የጎንደር ወጣት ሴቶች

በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገች ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት በሕግ አዋቂ ናት። ያኔ ወይም ትምህርቷን ስትጨርስ ግቢውን ትለቃለች። ይህን ጊዜ እንድትሻገር የሚደረገውን እገዛ ድርጅቶች «መልሶ ማቋቋም» ይሉታል። መቼ ቆማ ታውቅና ነው «መልሶ» የሚባለው? ለማንኛውም ስሙ ይኸው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል። መጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጅን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ይፈለጋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ተከለከለ። ዘመድም አደራ ቤተሰብም ያልተገኘላት ግን እዚያው ታድጋለች።

እገዛው በአብዛኛው የሙያ ሥልጠና፣ የጥቂት ወራት የቤት ኪራይና መቋቋሚያ ገንዘብ ነው። ሙያው ፀጉር ሥራ፣ ስፌት ወይም ምግብ ዝግጅት ይሆናል። ሴት በሆነች ቁጥር ካስክ ሥር የምትቀመጥ ደንበኛ ለምን እንደሚታሰብላት አይገባኝም። ኤሌክትሪክም አለ፣ ብረታ ብረትም አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ለጊዜው ዶርም አላት። የእሷ ጭንቀት ክረምት ነው፤ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ።

ትንሽ የሚመስለው ነገርም ቀላል አይደለም። በትልቅ ድስት ለብዙ ሰው ሲበሰል ያደገች ልጅ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ተከራክራ ገዝታ ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ ደህና ድርጅት ከመውጫዋ በፊት ሁለት ሦስት ልጆችን አንድ ቤት ያስገባል። አስቤዛውን ራሳቸው ይገዛሉ፣ ከሰሉንም ውኃውንም ራሳቸው ያብቃቃሉ። ጎንደር ላይ ውኃ ማብቃቃት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ዋናው ችግር ግን ዋስ ነው። ጎንደር ውስጥ ማራኪ ሰፈርም ሆነ አዘዞ አንድ ክፍል ለመከራየት ስትሄድ አከራይዋ «የማን ልጅ ነሽ?» ትላለች። ገንዘብ የሚያስቆጥር ሥራ ዋስ አምጪ ይላል። ብድርም እንደዚያው ነው። አብቁተ፣ ማለትም የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለብዙ ድሃ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነበር። ቡድን ውስጥ ለመግባት ደግሞ የሚያውቅሽ ሰው ያስፈልጋል። የድርጅት ደብዳቤ የተወሰነ በር ይከፍታል። ሰው ሆኖ ግን አይፈርምም።

ያ ሰው የሚገኘው ቀስ ብሎ ነው። ጎረቤት ቡና ይጠራታል፣ እሷም ትጠራለች። ልቅሶ ትደርሳለች። አብረዋት የወጡት ልጆች እቁብ ይጥላሉ።

ጋብቻ ሲመጣም ጥያቄው ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አሳደገው። ዕድሜው ደረሰ እንበል። ሽማግሌ የሚላከው ግን ወደ ማን ቤት ነው? ያሳደገቻት ሞግዚት ካለች ወደ እሷ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲባል ቀጠሮ የምትሰጠውም እሷው ናት።