ሊኑክስና ዊንዶውስ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጎሮ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ባለበት ሁሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ዊንዶውስ ነው። ውሉ በወርድ ይጻፋል፣ የሰርግ ካርዱ በፎቶሾፕ ይሠራል። የእነዚህን ፕሮግራሞች ኮድ የያዘው ኩባንያው ነው፤ ተጠቃሚው የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ኦፕን ሶርስ ላይ ግን ኮዱን ማንም ሰው ማየት፣ ማሻሻልና ማባዛት ይችላል። ሪቻርድ ስቶልማን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲስተም ለመሥራት ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውን ክፍት ሲስተም ሊኑክስን ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ለቀቀ።

ኦፕን ሶርስ በሌላ አገር ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። እዚህ ይህ ብልጫ አይሠራም። ቴክኒሻኑ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርግ ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም ፎቶሾፑንም ክራክ አድርጎ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉን ሰብሮ፣ ይጭናል። ደንበኛው የሚከፍለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ቢያስጭንም ያው የእጅ ዋጋ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት የሊኑክስ ዋና ተቀናቃኝ ማይክሮሶፍት ሳይሆን ክራኩ ነው። ክራኩ ደግሞ ዕዳ አለው። ብዙ ጊዜ እሱን ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረስ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ፍላሽ ሰክቶ ፎልደሩ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ያገኘው ሰው የሚወቅሰው ፍላሹን ነው።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው የአማርኛ ፎንት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ ዘዴ የተጻፈ የቆየ ውል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝርግፍ ብሎ ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ችግር አያጣውም። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። ክፍት የሆነው የወርድ አቻ ሊብሬኦፊስ በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ አንድ ገጽ የነበረው ውል ፊርማው ብቻ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ይህን የሚያስተካክል ጸሐፊ ወደ ወርድ ቢመለስ አይፈረድበትም። ፋይሉ ሲጻፍ ጀምሮ እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ክፍት ፎንት ቢመረጥና በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ቢጫን ግን ፊደሉ በሁለቱም ላይ ያው ሆኖ ይከፈታል።

ኦፕን ሶርስ ያሸነፈው ሰው ስሙን በማይጠራበት ቦታ ነው። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሊኑክስ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ህንድ ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በተባለ የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው።

የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች በደንቡ አይቀበሉትም። ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ደህና ይሠራል። አማርኛ ለመጻፍም ኪማን የተባለ የኪቦርድ ፕሮግራም አለ፤ ኮዱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክፍት ነው፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይጫናል።