ፊት የሚነዳው ሁሉ አንበሳ ነው?

እሁድ ጠዋት ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ብስክሌተኞች ተከታትለው ሽው ብለው አለፉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ወንዱ የፊተኛው ነው፣ ሌሎቹ ተለጣፊ ናቸው» አለ። ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ!

«ከኋላ የሚለጠፍ ሰነፍ ነው»
ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየር ሲገፋ ነው። ከሌላው ጀርባ የተጠጋ 30 በመቶ ገደማ ይቆጥባል። በትልቅ ቡድን መሃል የገባማ ከዚያም በላይ። በትልልቆቹ ውድድሮች ፊት የሚታየው ብዙ ጊዜ ለቡድኑ መሪ ንፋስ የሚመክት አጋዥ ነው። ደሞዙን የሚያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው።

«እንጦጦ ዳገት ላይ ብልጠት አይሠራም»
ይሄ እንኳን ግማሽ እውነት አለው። ፍጥነት ሲቀንስ የንፋሱ ጥቅም ይቀንሳል፤ ክብደትና ጉልበት ይለያሉ። ግን ዳገቱ ሥር ደክሞ የደረሰና ተቆጥቦ የደረሰ እኩል አይወጡም።

«ብልጠት የደካማ መሣሪያ ነው»
በዚህኛው እናደዳለሁ። አና ኪሰንሆፈርን ተመልከቱ። ኦስትሪያዊት ናት፣ በሂሳብ ዶክትሬት አላት፣ የፕሮፌሽናል ቡድን ኮንትራት አልነበራትም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ 137 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ገና ከመነሻው ከጥቂቶች ጋር አምልጣ ወጣች። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር እነሱንም ጥላ ሄደች። በኦሊምፒክ አሰልጣኝ ለብስክሌተኛው ፊት ማን እንዳለ የሚነግርበት የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድም። የኔዘርላንድሷ ቫን ፍሉተን ያሸነፈች መስሏት እጇን ዘርግታ ገባች፤ ወርቁ ግን ከ75 ሰከንድ በፊት ተወስዷል። አሳዳጆቹ ረስተዋታል፣ ልክ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ለመንዳት ግን የብረት እግር ይጠይቃል!

«ቢኒያም ግርማይ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ያሸንፋል»
ጎረቤታችን ኤርትራዊው በ2022 ጌንት-ዌቨልገም የተባለውን የቤልጂየም ውድድር ሲያሸንፍ ፊት አራት ሆነው ነበር የቀሩት። ሌሎቹ ሲተያዩ እሱ መድረሻው ገና ሩቅ ሳለ ተፈተለከ። እስኪነቁ ድረስ አለቀ።

ብስክሌተኞቹ ከሰንዳፋ ሲመለሱ ፊት የነበረው ሌላ ልጅ ነው። የቅድሙ «ወንድ» አራተኛ ሆኖ ተለጥፎ ውሃ ይጠጣል።