ለእኔስ አታልቅሱልኝ

የስቅለት ዕለት ደሴ ላይ፣ ሕዝቡ ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ወጣት ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ አገኘሁት። ነጠላው በስግደት ብዛት አቧራ ጠጥቷል። የሚያየው በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የሜል ጊብሰንን የክርስቶስ ሕማማት ፊልም ነው፤ ግርፋቱ ላይ ደርሷል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ካህኑ በስግደቱ ፍጻሜ የምእመኑን ጀርባ በወይራ ቸብ ቸብ የሚያደርግበት የንስሓ ሥርዓት፣ ጥብጣቡ፣ ደርሶ ነበርና «ተነሥ፣ ጥብጣብ እንቀበል» ብለው «ለዛሬ ይበቃኛል መምህር፣ አልቅሻለሁ» አለኝ።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም።

ወገኖቼ፣ ፊልም ማየት ኃጢአት ነው አላልሁም። ፊልምም በራሱ መንገድ ይተረጉማል። ነገር ግን የጉባኤ ቤት መምህሮቻችን ንባቡን ያስቀድማሉ፤ ከዚያ «አንድም»፣ ማለትም «ደግሞ እንዲህም ይፈታል»፣ እያሉ ትርጓሜውን ያወርዱታል፤ ሰሚው የወንጌሉ ቃል የቱ፣ ፍቺው የቱ እንደ ሆነ ይለያል። ፊልም «አንድም» አይልም፤ ንባቡንም ፍቺውንም ቀላቅሎ በዓይን ያስገባል። በዚያ ፊልም ቁራ መጥቶ የሚሳደበውን ወንበዴ ዓይን ይነቁረዋል። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት ሕፃን «ቁራው ምዕራፍ ስንት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአራቱም ወንጌላት የለም፣ ልጄ። ማቴዎስማ ግርፋቱን እንኳ «ገርፎ» ብሎ በአንዲት ቃል አልፎታል (ማቴ. 27፥26)።

ጌታ ወደ ቀራንዮ ሲሄድ ሴቶች እያለቀሱ ተከተሉት። ዘወር ብሎ ምን አላቸው? «እናንተ የኢየሩሳሌም ልጆች፥ ለእኔስ አታልቅሱልኝ፥ ዳሩ ግን ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አልቅሱ» (ሉቃ. 23፥28)። እንባቸውን አልናቀውም፤ ወደ ራሳቸው መለሰው። ይህን ቃል የምወደውን ያህል እፈራዋለሁ። በፊልሙ ጅራፉ የሚያርፈው በእርሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ገራፊዎቹም የሮም ወታደሮች ናቸው፤ እኔ ተመልካች ሆኜ እቀመጣለሁ። በጥብጣቡ ግን ወይራው የሚያርፈው በእኔ ጀርባ ነው። ጎንበስ ስል የሠራተኛዬን ደመወዝ ያቆየሁበት ወር ይታወሰኛል፤ ሰላምታ የነሣሁት ወንድሜ ይታወሰኛል። ካህኑ ስግደቴን ቆጥሮ ይሰጠኛል። ለጌታ አልቅሶ ወንድሙን ሳይታረቅ የሚያድር ስንቱ ነው! ጾሙን ጾመን፣ ሕማማቱን ሰግደን፣ ቂማችንን ይዘን ለትንሣኤ እንገባለን?

አንተ ወንድሜ ግን፣ ይህን ካነበብህ፣ አብሽር። ያ እንባ ከንቱ አይደለም፤ መንገዱን ጀምሮልሃል። ጥብጣቡ ቢያልፍህ ንስሓ አባትህ አላለፉህም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።